ሳላነብ የፈረምኩት ወረቀት

ይህ የደረሰብኝ ሚሌኒየሙ ከተከበረ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በኛ አገር የመሬት ደብተር በሚታደልበት ጊዜ ነው። እስከ ዛሬ ከሆዴ ያልወጣው ለማንም ስላልተናገርኩት ነው። ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። አንድ የመንደር ልጅ ጋዜጣ እያመጣ የሰው ገጠመኝ ያነብልኛል፤ መጨረሻው ሁሉ ምርቃትና ምስጋና ነው። የኔ ምርቃት የለበትም።

ታዬ የክርስትና ልጄ ነው። አባቱ ሽፈራው ጎረቤቴ ነው፣ አጥር ለአጥር ነን። ልጁን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ እንደ ወጋችን አንዲት ሴት ግልገል ሰጠሁት። በኛ ዘንድ የክርስትና በግ እየተዋለደች ትቆያለች እንጂ ገበያ አትወጣም። ልጁ ጎጆ ሲወጣ መንጋውን እየነዳ ይወጣል። የታዬ በግ ጥሩ ዘር ነበረች፣ ጠጉሯ እጅ የሚውጥ። እኔው ሳያት፣ እኔው ሳክማት ከነልጆቿ አሥራ ሰባት ሆነው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ዘመሮ ገበያ ጨው ልገዛ ወጣሁ። አንድ ነጋዴ በጎች ወደ ጭነት መኪና ያስወጣል። ቀኝ ጆሯቸው ጫፉ ተቆርጧል። የኔ ምልክት ነው።

«የማን ናቸው?» አልኩት።

«የኔ ናቸዋ! ከዚያ ጎረምሳ ገዛኋቸው።»

ዞር ብል ታዬ ቆሟል። አሥረኛ ክፍል ጨርሶ ነጥብ ሳይመጣለት የቀረ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው።

«ምን ልታደርግበት ነው?»

«ኮምፒውተር ልገዛበት ነው፣ አባባ።»

«ይወልዳል?»

ሰው ሳቀ። ልጁ ግን ፊቱን ሳያጠቁር፣ «አይወልድም፤ አይሞትምም» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አኮረፍኩት።

ከየሺ ከምትባል የክፍሉ ልጅ ጋር ሆነው ከተማ ውስጥ ከወፍጮ ቤቱ ጎን አንዲት ክፍል ተከራዩ። የማተሚያውን ዋጋ ግማሽ እሷ አወጣች። እናቷ ለመዳሪያዋ ብላ ከበግ ጠጉር ፈትላ ያሠራችላትን ሁለት ባና ነው የሸጠችው። እንግዲህ አንዱ የጎጆ መውጫውን፣ አንዷ የመዳሪያዋን ሸጠው ሣጥን ገዙ። በሞባይል ዘፈን ይጭናሉ፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳሉ፣ ማመልከቻ ይጽፋሉ። አንድ ስብሰባ ላይ ካድሬው «ሥራ ፈጣሪ ወጣቶቻችን» እያለ አስጨበጨበላቸው። እኔ እጄን አውጥቼ፣ «በግ ሽጦ ዘፈን መቅዳት ሥራ ከሆነ፣ እረኛውም ዋሽንቱን ይዞ ይምጣና ይጨብጨብለት» አልኩ። ሽፈራው ከዚያ ወዲያ ለሳምንት አላነጋገረኝም። ደግ አደረገ።

አሁን ወደ መሬቱ ልምጣ። ከወንዝ ማዶ አንድ የገብስ ማሳ አለኝ፤ ሌሎቹ ድንጋይ ናቸው፣ የሚያበላኝ እሱ ነው። ጉልበቴ ሲደክም ወርቁ ለሚባል ሰው እኩል እንዲያርስ ሰጠሁት። የመሬት ኮሚቴው ሊለካ የመጣ ጊዜ እህቴ ሞታ ራቤል ከተማ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። «ማሳው የማን ነው?» ሲሉ ወርቁ «የኔ ነው» ብሎ አስመዘገበ። የስም ዝርዝሩ ቀበሌ ሲለጠፍ አንድ የመንደር ልጅ አነበበልኝ። ከወንዝ ማዶው ማሳ ፊት የወርቁ ስም አለ። ቅሬታ ያለው እስከ ዓርብ ያመልክት ተብሏል።

ዓርብ ጠዋት በከተማው የታወቀው ማመልከቻ ጸሐፊ በእጁ አሳምሮ ጻፈልኝ። ይዤ መሬት ቢሮ ስደርስ የቢሮው ጸሐፊ አየት አድርጎ መለሰልኝ።

«አባት፣ በእጅ የተጻፈ አንቀበልም። በኮምፒውተር አስጽፈው ይምጡ።»

«መሬቱን ያረስኩት በእጄ ነው።»

«መመሪያ ነው፣ አባት። ዛሬ የመጨረሻ ቀን ነው፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ እዘጋለሁ።»

በከተማው ከመሥሪያ ቤት በቀር ኮምፒውተር ያላቸው እነዚያው ሁለቱ ናቸው። አልሄድም ብዬ ጸሐይ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። ኋላ ማሳው አሸነፈኝና ሄድኩ።

ታዬ ሲያየኝ ብድግ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። ጉልበቴን ሰበሰብኩ።

«ለሰላምታ አልመጣሁም። ጻፉልኝ።»

የምትጽፈው የሺ ነበረች። ከአያቴ ጀመርኩ፤ ማሳውን ማን አቀና፣ ለማን አወረሰ።

«አባባ፣ አያትዎን መሬት ቢሮ አያውቃቸውም። ስምና ቀበሌ ብቻ ይንገሩኝ።»

«አንቺ ባታውቂያቸውም አይገርመኝም። ምኑን ታውቂና!»

«እሺ፣ አላውቅም። የማሳው ስፋት ስንት ነው?» አለችኝና ጣቷ አላቆመም። «ፎርም ስላለኝ ቶሎ ይወጣል።»

ወረቀቱ ወጣ። ታዬ ያዘና፣ «አባባ፣ ላንብብልዎ?» አለኝ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ነው። የምስክር ወረቀትም አለኝ። ትልልቅ ፊደል ለቅሜ አነባለሁ፣ ስሜን እፈርማለሁ። ደቃቅ ጽሑፍ ግን ለኔ ጉንዳን ነው። በመንደራችን በጣት የሚፈርመውን ሽማግሌ ሁሉ ስቀልድበት የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን በጌን የሸጠ ልጅ፣ በዚያች ልጅ ፊት፣ ላንብብልህ አለኝ።

«ምነው፣ እኔ ዓይን የለኝም?» ብዬ ወረቀቱን ነጠቅኩት።

ከላይ እስከ ታች ተመለከትኩት። ከንፈሬንም አንቀሳቀስኩ። ከዚያ ፈረምኩና የጽሕፈቱን ዋጋ ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ወጣሁ።

መሬት ቢሮ ሰው ሞልቷል። ወርቁም ቅሬታ የሚያቀርብበት እንዳለ ሊያይ ነው መሰል በር ላይ ቆሟል። ጸሐፊው ወረቀቴን ተቀበለ፣ ማኅተም መታበት፣ መዝገብ ላይ አሰፈረው። ከዚያ ነው ማንበብ የጀመረው። መሐል ላይ ቀና አለ።

«አባት፣ እርስዎ መሬቱ ይመለስልኝ ነው የሚሉት ወይስ ሰጥቻለሁ?»

«ምን ማለትህ ነው?»

ጮክ ብሎ አነበበው። መጀመሪያው የኔ ነው። መጨረሻው ግን፣ «ከላይ የተጠቀሰውን ማሳ በሙሉ ፈቃዴ፣ ያለማንም አስገዳጅነት የሰጠሁ መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ» ይላል።

ወርቁ ከበሩ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ! እኔስ ልብዎን አውቀው ነበር።»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

«ስህተት ከሆነ ሌላ አስጽፈው ይምጡ» አለኝ ጸሐፊው። «ይሄኛው ግን ማኅተም አርፎበታል፤ ዝም ብዬ አልቀደውም። ይሄንንም ይዘው ይመለሱ፤ የጻፈውም ሰው አብሮ ይምጣ።»

ወደ ልጆቹ እንዴት እንደደረስኩ አላውቀውም። «መሬቴን ለምን ሰጣችሁብኝ?» ብዬ ወረቀቱን ወረወርኩላቸው። የሺ አነበበችና ራሷን ያዘች።

«ወይኔ ጉዴ! የሰውየውን መጨረሻ አልደለዝኩትም!»

ለካ ፎርም የምትለው ከኔ በፊት የመጣ ሰው ወረቀት ነው። ያ ሰው ለልጁ መሬት ሲሰጥ ያስጻፈው። ላዩን በኔ ስም ቀይራ፣ ታቹን ረስታ ነው ያወጣችው። አንዱ በሌላው ልብስ እንደሚገነዝ ማለት ነው።

ከዘራዬን አነሳሁና ያንን ሆዱ የተነፋ እንደ ቴሌቪዥን ያለ ነገር መታሁት። ከጠረጴዛው ወድቆ መስተዋቱ ጮኸ፣ ጨለመ።

«አባባ! ምን አደረጉ!» አለ ታዬ።

«በበጌ ነው የተገዛው! የራሴን ሰበርኩ!»

የሺ እያለቀሰች፣ «የእርስዎም ወረቀት እኮ ያለው እዚያው ውስጥ ነው» አለችኝ።

ከዘራዬን ዝቅ አደረግኩ። ከጠረጴዛው ሥር ያለው ሣጥን ግን ያጉረመርማል። ታዬ ጎንበስ ብሎ አዳመጠው።

«የተሰበረው የምናይበት ብቻ ነው፤ ይሄኛው ይሠራል። ወረቀታቸውን ዘግተሽዋል?»

«አልዘጋሁትም።»

«ሳታዪ ትችያለሽ?»

እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና ተቀመጠች። ፊት ለፊቷ ያለው ባዶ ግድግዳ ነው። ጣቷን እየቆጠረች ጫነች፣ ከዚያ ማተሚያው ወረቀት ተፋ። አየችው፤ የኔን ስምና ፊርማ ማኖሪያ ጭምር ደልዛለች። መለሰችና እንደገና ቆጠረች። ሁለተኛው ሲወጣ የሰውየው ነገር ግማሹ አለ። ታዬ የወጣውን ወረቀት ይዞ፣ «ሦስት መሥመር ወደ ላይ፣ አንድ ቃል ወደ ግራ» ይላታል። እኔ ከዘራዬን ይዤ እንደ ጅብ ጥግ ላይ ቆሜያለሁ። የፊተኛው በስህተት የተጻፈ ነውና ይሰረዝልኝ የሚል ጨመረች። አምስተኛው ወረቀት ደህና ወጣ።

ታዬ ላንብብልዎ ብሎ አልጠየቀኝም። ዝም ብሎ አነበበው። እኔም ዝም ብዬ ሰማሁ። ፈረምኩና ከታዬ ጋር ወጣን።

መሬት ቢሮ ስንደርስ ጸሐፊው መስኮት እየዘጋ ነው። ወርቁ አልሄደም። የቆመው ሰውም ጨዋታው ጥሞት አልሄደም። ጸሐፊው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠ።

«የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ?» አለው ታዬን።

«እኛ ነን።»

ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎስ አንብበው ነው የፈረሙት? አንብበው ከፈረሙ ቃሉ የእርስዎ ነው፣ ልሰርዘው አልችልም።»

ሰው ሁሉ ዓይኑን ጣለብኝ። ወርቁ ጥርሱን ገለጥ አድርጎ ይጠብቃል። «ማንበብ አልቻልኩም፣ ልጁ ላንብብልህ ቢለኝ እምቢ አልኩ»፤ የሚባለው ይህች ብቻ ነበረች። ምላሴ ላይ መጣች፣ አልወጣም አለች።

«አንብቦልኝ ነበር» አልኩ። «ያነበበልኝ ሌላ፣ የተጻፈው ሌላ።»

ጸሐፊው ፊቱ ተለወጠ። «አንተ! እውነት ነው?»

ታዬ አየኝ። ያን አስተያየት ምን ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም። አልተቆጣም። የታመመች በግ እንደሚያይ ሰው ነው ያየኝ። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞሮ፣ «አዎ፣ አሳስቼ ነው ያነበብኩላቸው» አለ።

ያንኑ አስፈረመው። የፊተኛው ወረቀት በቀይ ተሰረዘ። ወርቁ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። ወር ሳይሞላ ማሳው በስሜ ዞረ።

ወሬው ግን ከኔ በፊት መንደር ገብቷል። «ያልተጻፈ የሚያነቡ ልጆች» ተባሉ። ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው ጠፋ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው የተሰበረውን ክፈል ሲሉኝ እምቢ አልኩ፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ «መሬቱን ሊያስወስዱበት ነበር እኮ» ብሎ ከኔ ጋር ቆመ። እኔም ከመንደሩ ጋር ቆምኩ። ለጾም መያዣ ሲቃረብ ሁለቱ ዕቃቸውን ጭነው ደብረ ብርሃን ወረዱ። እዚያ ሠሩ አሉ። ስንት ማሽን እንዳላቸው አልጠይቅም።

የሺ ያን ቀን ስለሆነው ለእናቷም አልተናገረችም። ታዬም ለአባቱ አልተናገረም። ተናግረው ቢሆን ኖሮ ሽፈራው ደጄ ላይ ቆሞ ይሰድበኝ ነበር፤ እኔም መልሼ እሰድበውና ይወጣልኝ ነበር።

አሁን ምን ይሰማሃል ብትሉኝ፣ በጎቹን መሸጡን ዛሬም አልወደውም። ሰው የደከመበትን ወረቀት ጨርሶ ሳያይ ማውጣት ጥፋት ነው፣ ይህንንም አልተውም። ልጁ በዓል ሲመጣ አሁንም ጉልበቴን ይስማል፣ እኔም «እደግ» እለዋለሁ፣ ከዚያ የምናወራው የለም። ወርቁን ይቅር ብየዋለሁ፤ ቀማኛ ነው፣ ቀማኛ ይታወቃል። ታዬን ግን አልቻልኩም። እኔ ዋሽቼበት፣ እሱ «አዎ» ብሎ መሬቴን አተረፈልኝ። ገብሱን በበላሁ ቁጥር ያቺ «አዎ» ጥርሴ ውስጥ ናት።