በአልኮል የወለወልኩት ስላይድ

አሶሳ በምማርበት ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ የእንጨት ሳጥን አለ። በውስጡ በጣም ያረጁ የማይክሮስኮፕ ስላይዶች ተደርድረዋል፤ ጣት የሚያክሉ ብርጭቆዎች ናቸው። በላያቸው ያለው ዳያተም ይባላል፤ ቅርፊቱ እንደ ብርጭቆ የሆነ፣ በዓይን የማይታይ የውሃ አልጌ። አንዱ ላይ በደበዘዘ የፈረንጅ ጽሑፍ የአባይ ስም አለ። የባዮሎጂ መምህራችን የእሱን ዓይነት በመጽሐፋቸው ፈልገው አጡትና «ብርቅ ሳይሆን አይቀርም፣ ፎቶ አንሺው» አሉኝ።

ሳጥኑን ለዓመታት የጠበቁት የላቦራቶሪው ዕቃ ጠባቂ ናቸው። የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፤ በአማርኛቸው ሴትም ወንድም «አንተ» ነው። በልጅነታቸው ወንዝ ዳር ጥቁር ዝንብ ነክሷቸው ያመጣባቸው በሽታ ግራ ዓይናቸውን ወስዶታል፣ ቀኙም እየሄደ ነበር። አቧራውን ሲጠርጉለት የኖሩት ሳጥን ምን እንደያዘ አይተው አያውቁም። በማይክሮስኮፑ ቢሞክሩ ጨለመባቸው። በስልክ አጉልቼ እንዳሳያቸው ለመኑኝ።

መብራት ስላልነበረ ከማይክሮስኮፑ ሥር ባለችው መስታወት ፀሐይ እየያዝኩ፣ ስልኬን በዓይን በሚታይበት ጫፉ ላይ ደግፌ፣ ትንፋሼን ውጬ አነሳሁ። ዳያተሟ የጎድን አጥንት ያላት ጀልባ ትመስላለች። እንዲህ ብዬ መጻፍ መቻሌ ደስ ይለኛል፤ የቀረው ግን ደስ አይልም። ፎቶው ትንሽ ደብዝዞ ነበር።

«አሳየኝ» አሉ።

«ቆይ አባባ፣ ስላይዱ ቆሽሿል። ጠርጌ ጥሩውን ላሳይዎት።»

«ለሰርግ ነው እንዴ? አንተ ሙሽራ አደረግከው።»

እንደተማርኩት በአልኮል ወለወልኩት። የዛሬ ስላይድ እንደዚያ ነው የሚጠረገው። የድሮው ዳር ዳሩን የታሸገበት ጥቁር ቀለም በአልኮል እንደሚሟሟ ማን ነግሮኝ። ቀለሙ ወደ ውስጥ ፈሰሰ፣ ስስ ክዳኑ ተንሸራተተ፣ ጀልባዬ ተፈረካከሰች።

ሳልነግራቸው ሳጥኑ ውስጥ መለስኩት። ሲጠይቁኝ «ፀሐይ የለም»፣ ሲደግሙኝ «ስልኬ ባትሪ ጨርሷል» እያልኩ ሦስት ሳምንት ሸሸኋቸው። በመጨረሻ ያንኑ የደበዘዘ ፎቶ ይዤ ሄድኩ። ስልኩን ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ ደግሞ አስጠጉት።

«ነጭ ነው» አሉ።

«መሐል ላይ አጥንት የሚመስሉ መስመሮች አሉ፣ አልታዩዎትም?»

«ነጭ ነው፣ ልጄ።»

በጎናቸው ዞሬ የስልኩን ብርሃን ጨመርኩ። ያው ነጭ። ስላይዱን እንዳበላሸሁት፣ ይሄ ፎቶ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እጄ ላይ እንደነበረ ያኔ ነገርኳቸው።

ስልኩን ከዓይናቸው አወረዱት።

«ያን ቀን እኔ ገና ፊትህን አይ ነበር» አሉ።

ቁጣ አልነበረበትም። ስልኩን ሊመልሱልኝ እጃቸውን ዘረጉ፣ እኔ ወደሌለሁበት።