ከሂሩት ኩባያ ማን ጠጣ?

በሰፈሩ «አሮጊቷ አእምሮዋ ተነክቷል፤ ገርጂ እየሄደች ጭቃ ታቦካለች» መባሉን ሰማሁ። ጭቃ ማቡካቴ እውነት ነው፤ የቀረው ውሸት ነው።

የማቦካው ከአእምሮ ሕመም ካገገሙ ሰዎች ጋር ነው። ዛሬ የሠራነውን ሸክላ ለጎረቤት አሳየን። ካገገሙት አንዷ ሂሩት በገዛ እጇ በሠራቻቸው ኩባያዎች ሻይ ቀዳች። ሁሉም «እጅሽ ይባረክ» አሉ፤ ሕመሟ የሚጋባ ይመስል አንድም ሰው አልጠጣም።

«ጾም ላይ ነኝ» አለች አንዷ፣ ሳምቡሳዋን እያኘከች።

ይህን በደርግ ጊዜም አይቻለሁ። ልጆቻችን ጦር ሜዳ ሳሉ፣ ሸክላ ሠሪዋ ዘነበች በቀበሌው አዳራሽ ሙያዋን ታስተምረን ነበር። እጃችን ጭቃ ሲይዝ እንቅልፍ ተመለሰልን። ሆኖም የሰፈሩ ሰዎች «ቡዳ ናት» እያሉ ከእጇ ውኃ እንኳ አይቀበሉም ነበር። አንድ ቀን መምጣቷን ተወች፤ እኛም ተበተንን።

ዛሬ ሂሩት ኩባያዎቹን እየሰበሰበች «እማማ፣ ከእንግዲህ አልመጣም» አለችኝ።

«መጀመሪያ ለእኔ ቅጂልኝ፤ ስኳር አታብዢ» አልኳት። ደግሜ ጠጣሁ።

ደክሞኛል። አንድን ነገር በሁለት ዘመን ማየት ያደክማል። በእናንተ ሰፈርስ የሚፈራው የማን እጅ ነው? ጻፉልኝ።

ነገ መጀመሪያ ሂሩትን ከቤቷ ሄጄ አመጣታለሁ። ቀጥሎ ያችን ጿሚ ሻይ እጋብዛታለሁ። ኩባያውን የምመርጠው እኔ ነኝ።