ከበሮው የጾመበት ሁዳዴ

የቁልፍ ዘለላ ሲንኳኳ በሰማሁ ቁጥር፣ ባንክ ቤት ወረፋ ላይም ልሁን ታክሲ ውስጥ፣ ቀና ብዬ አባቴን እፈልጋለሁ። አባቴ ጋሽ ደምሴ ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ እኔም በተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበር፤ ቁልፎቹን ቀበቶው ላይ ስለሚያንጠለጥላቸው ከመታየቱ በፊት ይሰማ ነበር። አርፋጆችም፣ ጠመኔ ሰራቂዎችም፣ እኔም ጭምር ያን ድምፅ ሰምተን እንበታተን ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እንኳ አይፈታቸውም ነበር፤ እናቴ «ይሄ ሰውዬ ሲቀበርም ከነቁልፉ ነው» እያለች ትስቅበት ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል በገባሁበት መስከረም ቲቸር ሰብለ የምትባል ወጣት የሙዚቃ መምህርት ተመድባ መጣችና የሙዚቃ ክበብ አቋቋመች። ዕቃችን ሁለት ክራር፣ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ዋሽንትና አንድ ትልቅ ከበሮ ብቻ ነበር፤ ከበሮው ለእኔ ደረሰኝ። ችግሩ አባቴ ነው። የአንኮበር መሪጌታ ልጅ ነው፣ በዜማ ያደገ፣ ሴት ልጁ ዘፈን ውስጥ ከገባች የቤቱ ምሰሶ የሚወድቅ የሚመስለው። ስለዚህ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ «ማጠናከሪያ አለን» እያልኩ እቀር ነበር። ከበሮውን ፈርማ የምታወጣው ቲቸር ሰብለ ስለነበረች፣ ማን እንደሚመታው አባቴ አያውቅም ብዬ ልቤን ጥዬ ተቀምጬ ነበር።

ጥቅምት ገብቶ ውርጩ ሲጀምር የከበሮው ቆዳ እየላላ ያስቸግረን ስለነበር፣ ከልምምድ በፊት አውጥተን ፀሐይ እናሞቀው ነበር። መለማመጃችን ከንብረት ክፍሉ ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። አንድ ቀን እራት ላይ አባቴ እጁን ከትሪው መለስ አድርጎ፣

«ያቺ ከበሮ የምትመታው ልጅ፣ የማን ልጅ እንደሆነች እንጃ፣ እጇ አይዘገይም» አለ።

ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። እናቴ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ ውሃ አቀበለችኝ።

ጥምቀት እንዳለፈ የዞኑ ትምህርት ቤቶች የሙዚቃ ውድድር በእኛ አዳራሽ እንደሚደረግ ተነገረን፤ ከአንኮበርም ከሰላ ድንጋይም ይመጣሉ ተባለ። ቀኑ በሁዳዴ ውስጥ፣ ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ነበር። ይህን ልብ ያለው ሰው አልነበረም፣ ከአንድ ሰው በቀር። ጾሙ በገባ ማግስት የክበቡ ልጆች ከበሮውን ሊወስዱ ሲሄዱ አባቴ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሎ መደርደሪያው አናት ላይ አውጥቶት ነበር። እኔ ከበሩ ጀርባ ተለጥፌ እሰማለሁ።

«በሁዳዴ ከበሮ አይመታም» አላቸው።

በቤተ ክርስቲያን እውነቱን ነው፤ በዐቢይ ጾም ካህናቱ ከበሮና ጸናጽሉን አስቀምጠው በመቋሚያ ብቻ ነው የሚያዜሙት። ይህን ሥርዓት የትምህርት ቤት ከበሮ ላይ ማዋል ግን የአባቴ ብቻ ፈጠራ ነበር። ክራር የሚመታልን መሐመድ፣ የአሊዩ አምባ ልጅ፣ እየሳቀ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ሁዳዴን አልጾምም» ቢለው፣ አባቴ ምንም ሳይስቅ፣

«አንተ አትጾምም ልጄ፣ ከበሮው ግን ይጾማል» አለው።

ርእሰ መምህሩ መጥቶ «ጋሽ ደምሴ፣ ይሄ እኮ ደብር አይደለም» ሲለው «እንግዲያው ቁልፉን ይረከቡኝና ራስዎ ያውጡት» ብሎ ድርቅ አለ። ርእሰ መምህሩ ሽማግሌ ላለማስቀየም «በጭብጨባ ይሁን» ብሎ ተወው። ቲቸር ሰብለ ክፍላችን ውስጥ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ አለቀሰች። እኔ ደግሞ የምከራከርበት አፍ አልነበረኝም፤ አፌን ከከፈትኩ ከበሮ መቺዋ እኔ መሆኔ ሊታወቅ ነው። ሦስት ሳምንት ያህል ጭኔን በመዳፌ እየመታሁ ተለማመድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ አባቴ ቅዳሴ ሄዷል። በሩ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ የቁልፉ ዘለላ ተንጠልጥሏል። ክው ብዬ ቀረሁ። በሕይወቴ ያ ዘለላ ያለ አባቴ ወገብ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም። እናቴ «ጓሮ ነኝ፣ ጎመን ልቀጥፍ» ብላ ወጣች። ቁልፉን መንጭቄ ወደ ንብረት ክፍሉ ሮጥኩ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ከበሮውን አንግቼ መድረክ ላይ ስወጣ ቲቸር ሰብለ አፏን በእጇ ያዘች። ዘፈኑ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቀና ብል፣ አባቴ በሩ ላይ ነጠላውን እንዳጣፋ፣ መቋሚያውን ተደግፎ ቆሟል። እጄ ግን አልዘገየም። ዘፈኑ ሲያልቅ በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ሁለተኛ ወጣን።

ሰኞ ርእሰ መምህሩ እኔንም አባቴንም ቢሮው ጠራን። ዘበኛው ቅዳሜ የንብረት ክፍሉ በር ተከፍቶ ማየቱን ነግሮታል።

«ከፍታ ያወጣችው ልጅዎ ከሆነች፣ ይሄ ስርቆት ነው፣ ትባረራለች። ማን ነው የከፈተው?»

አባቴ ወደ እኔ ሳይዞር «የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለ።

ከዚያ ቀን በላይ ደንግጬ አላውቅም። ከበሮ እንኳ የሚያስጾም ሰው፣ በሁዳዴ መሐል፣ ለእኔ ሲል ዋሸ። በዕድሜው የመጀመሪያውን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተቀብሎ በደረት ኪሱ ከተተው። ይገርፈኛል ብዬ ከኋላው ስከተል፣ ቤት እስክንደርስ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከበሮውን ፀሐይ አሙቂው፣ ቆዳው ላልቷል።»

ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር አንስተን አናውቅም። እኔ ግን ሁዳዴ በመጣ ቁጥር ዓይኑን ማየት ያቅተኝ ነበር፤ ትዳር ይዤም፣ ልጅ ወልጄም። ጡረታ ሲወጣ ቁልፉን አስረከበ፣ ከሦስት ዓመት በፊትም ያለ ቁልፉ ተቀበረ።

ባለፈው ሁዳዴ ከእናቴ ጋር ምስር ስንለቅም አላስችል ብሎኝ «አባባን በጾም ያስዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኳት። እጇን ከሰፌዱ አንስታ አየችኝ።

«ምን ዋሸ? ቁልፉን ፈቶ የሰቀለው ራሱ ነው። ‹እኔ ላወጣው አልችልም፣ እሷ ደግሞ ጭኗን ስትደበድብ ልትሞት ነው። ስትነሳ ጓሮ ውጪላት› ብሎኝ ነው የሄደው።»

ምስሩ ከእጄ ተበተነ። እንደገና ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ፣ እንደገና ክው ብዬ፣ በሩ ላይ የቆመውን ሰው አየሁት። ይቅርታ የምለው፣ የማመሰግነው ሰው የለም።

ዛሬ ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ከበሮው ስልኳ ውስጥ ነው፣ በጾምም በፍስክም ይመታል፤ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ክፍሏን ስለምትዘጋው ለእኔ አይሰማኝም። ማክሰኞና ሐሙስ «ማጠናከሪያ አለን» ብላ ትቀራለች። የምትደብቀኝ ነገር እንዳለ ይገባኛል፣ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። አባቴ ያውቅ ነበር።