ቅንድቤ ያስገባው ውሃ

ከቢልመር መነሳት

የካቲት ነው። አምስተርዳም፣ ቢልመር በሚባለው ሰፈር፣ አሥረኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤታችን ስንወርድ በር ላይ የቆሙት ሳይክሎች ኮርቻቸው በረዶ ለብሷል። እኔና ልጄ ሶስና ግን ከካፖርቱ ሥር ስስ ካናቴራ ነው የለበስነው፤ የምንሄደው ወደ ሙቀት ነዋ! በሆላንድ ዘውድ ሥር ሆና በካሪቢያን ባሕር ወዳለችው፣ ኩራሳው ወደምትባል ደሴት ሄደን፣ የአየር ሲሊንደር በጀርባችን አዝለን፣ ከባሕሩ በታች ኮራል የሚባለውን ድንጋይ መሳይ ሕያው ፍጥረት ልናይ ነው። አንድ የቤተ ክርስቲያን ወዳጄ ይህን ሲሰማ፣ "በሱዳን በረሃ ያተረፈህን አምላክ ደግሞ በውሃ ልትፈትነው?" አለኝ።

ሐሳቡ የሶስና ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አምስተርዳም የገባችው በአምስት ዓመቷ ስለሆነ ከአማርኛዋ ዋናዋ ይፈጥናል። እኔ ዋና የተማርኩት አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው፤ ዞተርሜር በምትባል ከተማ በሚገኝ ገንዳ፣ ወገቤን ከማይደርሱ ሕፃናት ጋር ተሰልፌ። ቀጥለን እዚያው ገንዳ ውስጥ የመጥለቅ ትምህርቱን አብረን ጨረስን። እውነቱን ልናገርና፣ እኔን የሳበኝ ኮራሉ አልነበረም። ሆላንድኛ ለመናገር አፌን በከፈትኩ ቁጥር ልጄ ታርመኛለች፤ ከውሃ በታች ግን ሆላንድኛ የለም፣ እኩል ነን።

የቀረን የባሕሩ ፈተና ብቻ ነው። የመጥለቂያ ቤቱ ደንብ አንድ ነገር ይላል፦ ልጅ የሆነች ጠላቂ ከወላጅ ጋር ከሆነ ነው የምትጠልቀው፣ ወላጁም የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ እኔ ከወደቅሁ እሷም ሳምንቱን ሙሉ አሸዋ ላይ ልትቀመጥ ነው። እኔ ደግሞ እወድቃለሁ ብዬ ለአፍታም አላሰብኩም።

ደሴቲቱ

አሥር ሰዓት ገደማ በርረን አረፍን። ሰነዳችንን የተቀበለው ፖሊስ ገጹን አገላበጠና ቀና ብሎ አየኝ።

"ከኢትዮጵያ? ለሥራ ነው?"

"ለመጥለቅ" አልኩት ደረቴን ነፍቼ።

"አገራችሁ ባሕር አለ እንዴ?"

"ቀይ ባሕርን የሚያህል!"

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ቀይ ባሕርን በካርታ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ፖሊሱ ግን አመነኝና ማኅተሙን መታልን።

ከተማዋን መውደድ ቀላል ነው። ቤቶቹ የአምስተርዳምን ቤቶች ይመስላሉ፤ ብቻ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሮዝ፣ አንዱ ሰማያዊ ተቀብቷል። ድልድዩ በጀልባዎች ላይ የተንሳፈፈ ነው፤ መርከብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል፣ እሱ ወደ ጎን ይከፈታል። ከከተማው ወጣ ስንል የግቢው አጥር ሁሉ ቁልቋል ሆነ። በደሴቲቱ ገንዘብ በአምስት ጊልደር የተጠበሰ ዓሣ ከበቆሎ ገንፎ ጋር በላን። ገንፎውን ሳይ በመሐሉ ቅቤ ፈለግሁ፤ የለም።

የመጀመሪያው ቀን

አስተማሪያችን ሩፊኖ የደሴቲቱ ተወላጅ ነው፤ ፀጉሩ ሸበቶ፣ ንግግሩ ቁጥብ። ኮራሉ ሩቅ አይደለም፤ ከባሕሩ ዳር ትንሽ ዋኝተን ቁልቁል ጀመርን። ግፊቱ ጆሮዬን እንዳያመኝ አፍንጫዬን ይዤ እየነፋሁ፣ ሳልቸኩል ወረድኩ። ልቤ ሙሉ ነበር።

ታች አሸዋው ላይ ተንበረከክን። ሩፊኖ አውራ ጣቱንና ጠቋሚ ጣቱን አጋጥሞ ቀለበት ሠራ፤ "ደህና ነህ?" ማለት ነው። እኔም መለስኩለት። ወዲያው የመጥለቂያ መነጽሬ ውስጥ ውሃ ገባ። እንደተማርኩት በአፍንጫዬ ነፍቼ አስወጣሁት። ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ መለስኩ፤ ውሃው ዓይኔ ድረስ መጣ። ሦስተኛ ሲጠይቀኝ አበክሬ መለስኩለት፤ ውሃው አፍንጫዬን አለፈ። ሩፊኖ ክንዴን ጨብጦ ወደ ላይ ይዞኝ ወጣ።

"ሦስት ጊዜ ጠየቅሁህ" አለኝ ባሕሩ ዳር። "ሦስቱንም ዝም አልከኝ። ዓይንህ ፈጥጦ ነበር።"

"መልሼልሃለሁ!"

"አልመለስክም። ነገ አንዴ እሞክርሃለሁ። ካልመለስክ አልፈርምም።"

ሶስና የእግር መቅዘፊያዋን አሸዋው ላይ ወረወረች። "ለምን ዝም አልከው? ፈርተህ ነው፣ አይደል?"

አልፈራሁም። ግን ምን አድርጌ እንደመለስኩ ራሴም ማስረዳት አልቻልኩም፤ በገንዳው ስምንት ሆነን ስለምንጠልቅ የኔን መልስ ለብቻው የጠበቀ ሰው አልነበረም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እኔን ግን ልጄ ፊት አዋርዶ መለሰኝ። በጣም አፈርኩ።

እራት

የምግብ ቤቷ ባለቤት ወፍራም ሳቂታ ሴት ናት። አጠገባችን መጥታ "ይጣፍጣል?" አለች። አፌ ሞልቷል። ቅንድቤን ወደ ላይ ሰቅዬ ትንፋሼን ሳብ አደረግሁ፣ "እ!"

ሴትየዋ ግራ ተጋብታ ስታየኝ ሶስና ሹካዋን ጣለች።

"ካይክ! አባዬ፣ ካይክ!" ትላለች፤ እይ ማለቷ ነው፣ ስትደነግጥ ሆላንድኛው ይቀድማታል። "አሁን ያደረግከውን ድገመው!"

"ምኑን?"

"ቅንድብህን!"

መነጽሬን ከቦርሳው አወጣችና እዚያው ገበታ ላይ ፊቴ ላይ ለጠፈችው።

"እማዬን ትወዳታለህ?"

ቅንድቤ ራሱ ተነሳ። የመነጽሩ ጎማ ከግንባሬ ለቀቀ፤ በክፍተቱ ጣቷን አስገብታ አሳየችኝ።

"በዚህ ነው ውሃው የሚገባው! አዎ እያልከው ነበር!"

"ታዲያ አላልኩሽም?"

"እሱ እንዴት ይወቅ? እሱ ሐበሻ ነው?"

የዚያን ምሽት ስታለማምደኝ አመሸች። ትጠይቀኛለች፣ በእጄ እመልሳለሁ፤ ቅንድቤ ከተነሳ ግንባሬን በጣቷ ትመታለች። ግንባሬ ቢቀላም ተማርኩ።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋት ነገሩን ለሩፊኖ በሆላንድኛ ነገረችው። ሳቀና፣ "እኔ እዚያ ታች የማነበው እጅ ብቻ ነው" አለ።

ወረድን። ጠየቀኝ። ግንባሬን እንደ ድንጋይ አድርቄ በጣቴ ቀለበት ሠራሁ። ጠየቀኝ፤ ሠራሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ እሱም በመነጽሩ ውስጥ ሲስቅ አየሁት። ከዚያ በኋላ ወደ ኮራሉ ወሰደን። ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፣ የአንጎል ቅርጽ ያለው፣ የአጋዘን ቀንድ የመሰለ፤ በመሐሉ አረንጓዴ ዓሣዎች ኮራሉን በጥርሳቸው ሲቆረጥሙ ድምፁ ይሰማል፣ ቆሎ እንደሚበላ ሰው። የፈጣሪን ሥራ አደነቅሁ።

ዞር ስል ሶስና ታየኛለች። የደረቀው ግንባሬ አስቋት ኖሮ በሳቋ መነጽሯ ውሃ ሞላ። ዓይኗን ጨፍና እጇን ዘረጋች። ያዝኳት። ውሃውን ነፍታ እስክታወጣ ትከሻዋን ይዤ ቆየሁ። ዓይኗን ስትገልጥ "ደህና ነሽ?" አልኳት በጣቴ። "ደህና ነኝ" አለችኝ በጣቷ፤ እጄን ግን ቶሎ አልለቀቀችም።

ሩፊኖ ፈረመ። የቀሩትን አራት ቀናት አባትና ልጅ በየጠዋቱ ጠለቅን።

ቤት

ስኪፖል አየር ማረፊያ ዝናብ ነው የተቀበለን። ባለቤቴ ንግሥት ፊታችንን አይታ "ጠቁራችሁ መጣችሁ!" አለች፤ የቅንድቤ ነገር አሁን ቤታችን ውስጥ ቀልድ ሆኗል።

ጉዞው ያስተማረኝን ልናገር። ሶስና ከሌላ ክፍል ሆና ስትጠይቀኝ፣ ጋዜጣዬን እያነበብኩ በቅንድቤ "አዎ" እያልኩ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። እሷ ቅንድቤን እንደማታየው ልብ ብዬ አላውቅም። እሷ አባቴ አይመልስልኝም ብላ ተወችኝ፤ እኔ ደግሞ ልጄ መጠየቅ ተወች ብዬ አዘንኩ።

በተመለስን በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛው ላይ አቀርቅራ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። እኔ ከኋላዋ ሶፋው ላይ ነኝ።

"አባዬ" አለች ሳትዞር፤ "ሐሙስ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ አለ። ትመጣለህ?"

ካለፈው ዓመት ወዲህ እናቷን እንጂ እኔን ጠርታ አታውቅም።

"አዎ!" አልኩ። ከላይኛው ፎቅ ያሉት ጎረቤቶች ሳይሰሙኝ አልቀሩም።