በከተማችን በዓል ቀን ዘይነባን ይዘን ስንሮጥ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ... ከተማችን የተመሠረተችበትን ቀን ልናከብር ግልብጥ ብለን ወጥተናል። ሀዲያ ውስጥ፣ ከቦኖሻ ወጣ ብላ ያለች ትንሽዬ ከተማ ናት። እኔ የማስተምረው ሆሳዕና ነው፤ መድረክ ምራ ተብዬ ነው የመጣሁት።

ከዞን የክብር እንግዳ ይመጣል ስለተባለ ወንዙ ዳር ልንቀበለው በሰልፍ እየሄድን ነው። የቤተክርስቲያን መዘምራኑ ነጭ በነጭ ለብሰዋል። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ መንገዱ ግን ጭቃ በጭቃ ነው።

ድንገት ከኋላችን የባጃጅ ጥሩምባ... አያቋርጥም። ዞር ስንል ሱልጣን ነው፣ የሰፈራችን ባለባጃጅ። ሚስቱ ዘይነባ ከኋላ እናቱን ተደግፋ ታቃስታለች።

«ምጡ ጠናባት! ጤና ጣቢያው ሆሳዕና ውሰዷት አለ፣ አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል!»

ይህን ብሎ ብዙም ሳይርቅ ባጃጇ ጭቃው ውስጥ ስጥም አለች።

ማን እንዳዘዘ አላውቅም። መዘምራኑ በነጭ ልብሳቸው ከበቧት። ገፋን፣ እምቢ አለች። ከዚያማ ከነዘይነባ ብድግ አደረግናት... እውነቴን ነው!

ወንዙ ጋ ስንደርስ ውሃው ሞልቷል፣ የእግረኛ ድልድይ ብቻ ነው የሚያሻግረው። የአንድ ሽማግሌ ጋቢ ዘርግተን ዘይነባን አስተኛናትና እየሮጥን ተሻገርን።

ማዶ እንግዳው ከመኪናው ወርዶ ከረባቱን ያስተካክላል። ያ ሁሉ ሕዝብ እየጮኸ ሲሮጥ ለሱ መስሎታል። ፈገግ ብሎ እጁን አውለበለበ፣ ለሰላምታም ዘረጋ... አልፈነው ሄደን የመኪናውን በር ከፈትን።

ሱልጣን ብቻ ቆም አለ።

«ጋሼ... ሚስቴ ናት» አለው።

ሰውየው ዘይነባን አየት አደረገና ወደ ሹፌሩ ዞረ። «ምን ቆመሃል? ንዳ እንጂ!»

ሱልጣንና እናቱ አብረዋት ገቡ። እንግዳው ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ያንን ሁሉ ጭቃ ከኛ ጋር በእግሩ መጣ።

ፕሮግራሙ እንደምንም ተጀመረ። የማንም ልብ ግን እዚያ አልነበረም። መዘምራኑ በጨቀየ ልብሳቸው ሲዘምሩ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው። የመስጊዱ ሼክ ድንኳኑ ጥግ ዱዓ ይዘዋል። እንግዳው ንግግር እያደረገ እንኳ መሀል ላይ ቆም ብሎ «የደወለ የለም?» ይለናል።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ሱልጣን ነው። ስልኩን ወደ ማይኩ አስጠጋሁት።

«ሴት ናት! እናትየውም ደህና ናት... ደህና ናቸው!»

ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ። መዘምራኑና እነ ሼኩ ተቃቀፉ። አንድ ትልቅ ሽማግሌ ተነስተው በሀዲይሳ መረቁ። ለእንግዳው በአማርኛ ላስረዳው ማይኩን ያዝኩ... እንባዬን ልጠርግ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ተወው፣ ገብቶኛል» አለኝ። እሱም ዓይኑን እየጠረገ ነበር።

ይኸው ሕፃኗ ቤቷ ገብታለች። ስም ግን እስካሁን አልወጣላትም... ከተማው በሙሉ የየራሱን ስም ይዞ ተሰልፏል፣ አባቷ ገና ተራ አልደረሰውም።