ያልተቆረጠው የባልዲ ድምፅ

ዘፋኟ ቺጉሳ፣ ሴንጁ ሰፈር ወዳለው የሕዝብ መታጠቢያ ቤታችን መምጣት የጀመረችው ገና ሚሬይ እየተባለች ነው። ስሙን ያወጣላት የዘፈን ኩባንያዋ ነበር። ፀጉሯንም፣ ቀሚሷንም፣ የምትዘፍነውንም የሚመርጡት እነሱ ናቸው። ራሷ የደረሰችውን ዘፈን ስትወስድላቸው ቆንጆ ነው ይሏትና መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ! እኔ ብሆን በሁለተኛው ቀን ጥያቸው እወጣ ነበር፤ እሷ ግን ጨዋ ናት፣ አንገቷን ደፍታ ኖረች።

አንድ ቀን ታጥባ ስትወጣ፣ ሁልጊዜ የምትጠጣውን ቀዝቃዛ ወተት ይዛ ባንኮኒዬ አጠገብ ቆመችና ኩባንያውን መልቀቋን ነገረችኝ። ስሙ የእነሱ ስለሆነ ትታላቸው ወጥታለች። የቀራት እናቷ ያወጡላት ስምና ማንም ያልሰማቸው ሰባት ዘፈኖች ናቸው። ስቱዲዮ የመከራየት አቅም የላትም።

"እማማ፣ ገንዳ ቤታችሁ ውስጥ ድምፅ ያምራል። ዝግ በሆናችሁበት ቀን ዘፈኖቼን ልቅዳበት?" አለችኝ።

ምን እላለሁ? አንጀቴን በላችው፣ እሺ አልኳት።

በዝግ ቀናችን የድምፅ መቅጃ ካለው ጓደኛዋ ጋር መጣች፤ እሱ ማታ ወደ ኦሳካ ስለሚሄድ የነበራት ያቺ አንድ ቀን ብቻ ናት። ስድስቱ ዘፈኖች ያለችግር አለቁ። ሰባተኛው ስለ እናቷ ነው። አራት ጊዜ ሞክራ አልሆነላትም፤ በአምስተኛው ግን ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። የመጨረሻው ስንኝ ላይ ስትደርስ ከወንዶቹ ክፍል ኳ! አለ። እሷ የምትዘፍነው በሴቶቹ ክፍል ነው፤ መሀል ያለው ግድግዳ ጣሪያ አይደርስም። ባሌ ቶራኪቺ አርባ ዓመት በዝግ ቀን የእንጨት ባልዲ ሲያጥብ የኖረ ሰው ነው፤ ዛሬ እንዳትነካ ብዬው ነበር፣ እጁ ግን አላስቻለውም።

ፎጣ ጭንቅላቱ ላይ እንዳሰረ መጥቶ ግንባሩ ወለል እስኪነካ ይቅርታ ጠየቃት። እኔ በንዴት ጨስኩ። ጓደኛዋ ስንኙ ካልተቆረጠ የባልዲው ድምፅ አይወጣም፣ እንደገና ዝፈኚው አላት። ቀኑን ሙሉ ዘፍና ግን ድምጿ ዘግቷል።

ማዳመጫውን አድርጋ ሰማችው። ከዚያ ወደ ኋላዋ ዞር አለች፤ ልማድ ነው፣ የሚወስንላት ሰው ሁልጊዜ እዚያ ይቆም ነበር። አሁን ከኋላዋ ያለነው እኔና ያ ሽማግሌ ባሌ ብቻ ነን።

"ባልዲው እንዳለ ይቆይ። እናቴም የምትዘፍንልኝ ዕቃ እያጠበች ነበር" አለች። ማዳመጫውን እያወለቀችም፣ "ደሞ ዘፈኑ የራሴ ነው" አለች።

ሲዲው በመከር ወጣ። ዛሬ በየትንንሹ አዳራሽ አርባ ሃምሳ ሰው ፊት ትዘፍናለች፣ የምትዘፍነውንም ራሷ ትመርጣለች። አንዱን ሲዲ ራሷ አመጣችልን። ላዩ ላይ ቺጉሳ ይላል። ውስጡ የተጫዋቾቹ ስም ተዘርዝሯል፦ ጊታርና ድምፅ ቺጉሳ፣ ባልዲ ቶራኪቺ።

የመታጠቢያ ቤታችን ምልክት ላይ ያለው የቶራኪቺ አባት ስም ነው። ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ሲያሞቅ ስሙ የትም ተጽፎ አያውቅም። መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበና ወደ ምድጃው ሄደ። ይህን ውለታዋን እኔ መቼም አልረሳላትም። እሱ ደግሞ አሁን ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ሰባተኛውን ዘፈን ይከፍታል፤ መጨረሻው ሲቃረብ እጁን ያነሳና "ዝም በሉ፣ አሁን እኔ ነኝ" ይላል።