ከንጉሤ ማማ ላይ የተቀዳ ድምፅ

ንጉሤ ሰው አያምንም። የሚደብቀውም ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ይኮራበታል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ከአባቱ መሬት ጋር አብሮ የወረሰው ይመስል፣ ሰላም ሲሉት እንኳን መጀመሪያ የሰላምታውን ጀርባ ገልብጦ ያያል። ከሸዋ ሮቢት ወረድ ብሎ ባለው እርሻው አጠገብ ቀያሽ ካየ «መሬቴን ሊወስዱ ነው» ይላል። የጤና ሠራተኛ ካየ «ስንት እንደሆንን ሊሰልሉ ነው» ይላል። የንስሐ አባቱ ከወትሮው ቀደም ብለው ብቅ ካሉ ደግሞ «ማን ምን ነግሯቸው ይሆን?» ብሎ ሲብሰለሰል ይውላል።

«አንተ ሰው፣ የገዛ ጥላህንም ማነህ ልትለው ነው እኮ!» ትለዋለች ሚስቱ የሺ።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ብሶበታል። አገሩ ሁሉ ማንሾካሾክ ጀምሯል ባይ ነው። እድር ላይ ሲቀመጥ ጎረቤቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። በደጀ ሰላም ሲያልፍ ሰው ከኋላው ይንሾካሾካል። የሺ ራሷ ጓዳ ሆና ታጉተመትምና «ምን አልሽ?» ሲላት «ሁለቴ ነገርኩህ እኮ!» ብላ ትቆጣዋለች። ሁለቴ! አንዴም ሳትነግረው! «የኔ ቤትም ተንኮል ገባበት ማለት ነው» ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ይወጣል።

ከሰው ሁሉ ግን የሚጠረጥረው ጀይላንን ነው። መጠርጠር እንኳን ያንሳል፤ ጀይላን እንደከዳው እርግጠኛ ነው።

ሁለቱ አብረው ያደጉ ናቸው። እርሻቸው በአንድ ደረቅ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ማዶ ነው። ንጉሤ ለልደታ ሲደግስ ለጀይላን ቤት ለብቻ የሚሠራ ነበረ፤ ጀይላንም ለኢድ ንጉሤን ሳይጠራ ውሎ አያውቅም። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ በሬ ስለነበራቸው፣ ቦራ የሚባለውን የንጉሤን በሬና የጀይላንን በሬ አቀናጅተው ተራ በተራ ያርሱ ነበር። ማሽላው እሸት ሲይዝ ደግሞ ማማቸው ፊት ለፊት ነው። ቆላ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ግሪሳ የሚባለው ወፍ ከወረደ የአንድ ዓመት ልፋት በአንድ ጠዋት ያልቃል። ስለዚህ ገበሬው ጎህ ሲቀድ ማማ ላይ ይወጣል፤ በጅራፍና በወንጭፍ፣ ከሁሉም በላይ በጉሮሮው ሲያባርር ይውላል።

ታዲያ የማማ ሕግ አለ። ወፉን ቀድሞ ያየ ሰው የባለ እርሻውን ስም ጠርቶ «እገሌ ሆይ! ከላይ መጡብህ!» ይላል። የተጠራው «አየሁ!» ብሎ ይመልሳል። ጥሪው ለወፍ ብቻ አይደለም፤ ጎርፍ ሲመጣም፣ እሳት ሲነሳም ያው ነው። አይቶ ያልተጣራ ሰው ከጠላት ይቆጠራል። ተጠርቶ ያልመለሰም ከዚያው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ያ የግርግር ጊዜ የመጣ ዕለት ንጉሤ ታች ሽንኩርቱን ውሃ እያጠጣ ነበር። የሺ ሮቢት ገበያ ወርዳለች። ጀይላን ከወንዙ ማዶ ከፍታው ላይ ነበር፤ ከዚያ ሆኖ አገሩ ሁሉ ይታየዋል። ንጉሤ ጎንበስ ብሎ ቦይ ሲቀይር ቆይቶ ቀና ሲል የገዛ ቤቱ ጣሪያ ይነዳል። ሮጦ ሲደርስ የሚድን ነገር አልነበረም። ቦራ ውስጥ እንደታሰረ ነው የተቃጠለው። ንጉሤ ለቤቱ አላለቀሰም፤ ለቦራ ግን ሰው እንደሞተበት አለቀሰ።

ማን ለኮሰው ለሚለው እስከ ዛሬ ስንትና ስንት ወሬ አለ። የንጉሤ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። ጀይላን ጭሱን እያየ ለምን አልተጣራም? አንዲት «ንጉሤ ሆይ» እኮ ቦራን ታድነው ነበር!

ሽማግሌ ተቀመጠ። ጀይላን «ወላሂ ተጣርቻለሁ! ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ተጣርቻለሁ!» ብሎ ማለ። ንጉሤ ከተቀመጠበት ተነስቶ «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል!» ብሎት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ላይ እንኳን ጎን ለጎን አይቀመጡም። ማማ ላይ ሲወጣም ንጉሤ ፊቱን ወደ ጣርማ በር ተራራ አዙሮ ነው፤ ወደ ማዶ አያይም።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ኤርሚያስ የመጣው። ኤርሚያስ የየሺ የእህት ልጅ ነው፤ ደብረ ብርሃን ያደገ፣ በቅርቡ ሮቢት ወርዶ ሞባይል መጠገኛ የከፈተ ወጣት። ሥራው ይህ ብቻ ቢሆን ንጉሤ ምን ችግር ነበረበት! ልጁ ግን አዲስ አበባ ካለች ሩት ከምትባል ጓደኛው ጋር ሆኖ አንዲት ትንሽዬ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት አቋቁሟል። ሙዚቃ ስል ደግሞ ክራርና ዘፋኝ እንዳይመስላችሁ። የወፍጮ ቤት ጩኸት፣ በጣርማ በር ዋሻ ውስጥ የሚያልፍ መኪና፣ ቆርቆሮ ላይ የሚዘንብ በረዶ ይቀዳሉ። ያንን ያረዝሙታል፣ ያቀጥኑታል፣ ያደራርቡታል። ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ይለቁታል፤ የፈለገ ሰው በነፃ ያወርደዋል።

ያቺ «በነፃ» የምትባለው ቃል ናት ንጉሤን ያሳበደችው።

«ምን ትሸጣለህ?» አለው ኤርሚያስን፣ የማማ ላይ ጩኸቱን ልቅዳ ስላለ የሺ ቤት ያመጣችው ዕለት።

«አንሸጥም ጋሼ። እንዲሁ ነው የምንለቀው።»

«ለማን?»

«ለሰው ሁሉ።»

«ሰው ሁሉ ምን ያደርግልኛል ይላል የኔ ጩኸት?»

«ያዳምጠዋል።»

ንጉሤ ወደ የሺ ዞረ። «በወጥመድ ላይ ያለው ዳቦም ለአይጥ ነፃ ነው» አላት። «ድምፄን ወስደው አንድ ቀን ያላልኩትን ብሏል ቢሉኝስ? ምን አባቴ እላለሁ?»

ይሁን እንጂ የሺ ቀላል ሴት አይደለችም። «የእህቴ ልጅ ደጄ መጥቶ አፍሮ ከሚመለስ እኔው እናቴ ቤት ልሂድ!» አለች። ነገሩ እዚያ ላይ አበቃ። ኤርሚያስ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መቅጃውን ይዞ ማማው ላይ ወጣ። ማይክሮፎኑ ፀጉራም ሽፋን ለብሷል፤ ንጉሤ የሞተ ድመት ተሸክሞ የመጣ መስሎት አማተበ። ሲጮህም ሆነ ጅራፉን ሲያስጮህ ያንን ፀጉራም ነገር በዓይኑ ጥግ ሲከታተለው አረፈደ። ልጁ ስለ ጠቡ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ንጉሤም አልነገረውም፤ ለምን ብሎ?

ሰንበት ብሎ ንጉሤ ለገበያ ሮቢት ገባ። መናኸሪያው አጠገብ ጣሪቅ የሚባለው ባለ ባጃጅ ገና ከሩቅ ሲያየው ወርዶ ትከሻውን ሳመው።

«ጋሼ ንጉሤ! እንኳን ለዚህ አበቃችሁ! እርቅ ደግ ነው!»

«የምን እርቅ?»

«ከጋሼ ጀይላን ጋር ነዋ! ሰማን እኮ! በስምዎ ሲጠራዎት፣ እርስዎም ወዲያው ሲጮኹ! እናቴማ ስትሰማው እንባዋ መጣ። ቀበሌው ሁሉ ኤርሚያስ የለቀቀውን ነው የሚከፍተው!»

የንጉሤ ፊት ተለዋወጠ። ነገሩ ገባው፤ ወይም የገባው መሰለው። ለካስ «በነፃ» ማለት ይህ ኖሯል! ጀይላን ልጁን አግኝቶት፣ ድምፁን ሰጥቶት፣ ልጁ ሁለቱን ሰፍቶ፣ በሬውን ያስፈጀውን ሰው አገር ሁሉ «ለካ ያን ዕለትም ተጣርቶ ነበር» እንዲለው! ሽማግሌ ያልቻለውን በስልክ ሊያደርጉት! የያዘውን ሽንኩርት እዚያው ጥሎ ወደ ሞባይል መጠገኛው ገሰገሰ።

«አንተ ልጅ!» አለ በሩ ላይ ቆሞ። «ስንት ሰጠህ?»

ኤርሚያስ የፈታታውን ስልክ አስቀምጦ ተነሳ። «ማን ጋሼ?»

«ጀይላን! ድምፁን ከኔ ድምፅ ጋር እንድትቀጥል ምን ሰጠህ?»

«እኔ የቀጠልኩት ነገር የለም። ሙዚቃው ላይ ሌላ ቦታ አስረዝመናል፣ አደራርበናል፤ ይህቺን ግን ሳንነካት ነው የተውናት። እንዳለች ታምራለች ብለን።»

«ክፈተው!»

ልጁ ከፈተው። ጅራፉ ጮኸ። የንጉሤ የራሱ ድምፅ «ሀይ! ሀይ!» አለ። ከዚያ ዝም። ነፋስ ብቻ። ንጉሤ ቆሞ ጠበቀ።

«የታለ ታዲያ?» አለ።

ስልክ ለማስጠገን የተቀመጡት ደንበኞች እርስ በርስ ተያዩ። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት «ይኸው አሁን ተጣራ እኮ» አለች።

«የት?»

«ይኸው፣ ደገመው!»

ንጉሤ አንድ በአንድ አያቸው። ሁሉም ሰምተዋል፤ ፊታቸው ላይ ይታያል። ወይስ ተማክረው ነው? ይህን ሁሉ ሰው ማን አሰባሰበው? «ትቀልዱብኛላችሁ!» አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ልቡ አልወጣለትም።

ኤርሚያስ አሁንም አልገባውም። የጆሮ ማዳመጫ አወጣና «ጫጫታው ነው ጋሼ፤ በዚህ ይስሙት» ብሎ ራሱ ላይ አጠለቀለት፣ ድምፁንም እስከ ጥግ ጨመረው።

ያኔ መጣ። ከሩቅ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ሰማንያ ዓመት ቢቆይ የማይረሳው ድምፅ። «ንጉሤ ሆይ! ከላይ መጡብህ!» ትንሽ ቆየ። «ንጉሤ ሆይ!» አሁንም ቆየ። «ኧረ ንጉሤ! ከላይ መጡብህ!»

ድምፁ የሚመጣው በግራ ጆሮው ብቻ ነበር። ማዳመጫውን ገልብጦ አጠለቀው፤ አሁንም በግራው። በቀኙ ምንም የለም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ጅራፍ ሲያስጮህ በኖረበት በኩል ዝም ብሏል።

«ይኼኛው ተበላሽቷል» አለ።

«አልተበላሸም ጋሼ» አለ ኤርሚያስ ቀስ ብሎ። ከዚያ ንጉሤ እንዳልሰማው ሲያይ ጠጋ ብሎ ደገመለት። «አልተበላሸም። ያን ዕለት አጠገብዎ ቆሜ ነበር። ሰውየው ሦስቴ ተጣሩ። እርስዎ ዞር አላሉም። እኔ ያኮረፉ መስሎኝ ዝም አልኩ። ወፎቹ ሲደርሱ ነው የጮኹት።»

ንጉሤ ማዳመጫውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የሺ ጓዳ ሆና ሁለቴ ተናግራለች። እድርተኞቹም ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። እና ያ ዕለትስ? ጎንበስ ብሎ ቦይ ሲቀይር፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ብሎ የማለው ሰው... «ቦራዬን» አለ ብቻውን። ሰዎቹ ምን እንዳለ አልገባቸውም። ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።

በማግስቱ ማማው ላይ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ ማዶ አዞረ። አሁንም ቢሆን ጥርጣሬው አለቀቀውም፤ ልጁ በማሽን ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል? በዓይኑ ካላየ አያምንም። ጅራፉን መሬት ላይ ትቶታል። ጠበቀ። ግሪሳው ከተራራው በኩል እንደ ጉም ሲመጣ፣ ማዶ ማማ ላይ ያለው ሰው ተነሳ። ሁለት እጁን አፉ ላይ አደረገ። ደረቱ ሲነፋ፣ ወደፊት ሲያጎነብስ ይታያል። ንጉሤ ግራ ጆሮውን አዞረ፤ የሰማው ነፋስ ብቻ ነው። ሰውየው እጁን አውርዶ ትንሽ ቆየና እንደገና አነሳው። አገር ሁሉ የሚሰማውን ጥሪ፣ ንጉሤ በዓይኑ አየው።

«አየሁ!» ብሎ ጮኸ። «ጀይላን! አየሁህ!»

ማዶ ያለው ሰው እጁ በአየር ላይ ቀረ። ከዚያ ከማማው ወረደ። ሽርጡን ሰብሰብ አድርጎ ወንዙን ተሻገረ፤ ማሽላውን በክንዱ እየከፈለ መጥቶ ከማማው ሥር ቆመና ቀና አለ። ሸምግሏል። ንጉሤ ይህን ያህል ቀርቦ ሳያየው ጢሙ ሁሉ ነጭ ሆኗል።

«ሰማኸኝ ማለት ነው?» አለ ጀይላን።

ንጉሤ የከንፈሩን እንቅስቃሴ ነበር የሚያየው። ወረደ። ግራ ጆሮውን ሰጠው። ጀይላን ደገመለት።

«አልሰማሁህም» አለ ንጉሤ። «ያን ዕለትም አልሰማሁህም ነበር፣ ወንድሜ። ጆሮዬ ነው። ቦራን የፈጀው የኔው ጆሮ ነው።»

ጀይላን ብዙ አየው። መጀመሪያ የተቆጣ መሰለ። በመጨረሻ አፉን ወደ ንጉሤ ግራ ጆሮ አስጠግቶ «እኔ ደግሞ ሰምተህ ዝም የምትለኝ መስሎኝ» አለ። «በየዓመቱ፣ በየጠዋቱ።»

«ታዲያ ለምን ትጣራ ነበር?»

«አንተ ብታኮርፈኝ ማሽላህ ምን አደረገኝ?»

ንጉሤ ማማው ሥር ቁጭ አለና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ጀይላንም አጠገቡ ተቀመጠ፤ በግራ በኩል። ከወንዙ ማዶ ጠባቂ ያጣው የጀይላን እርሻ ላይ ግሪሳው ወርዶ ነበር። ጀይላን አይቶታል፤ ግን አልተነሳም።